ቱሊፕና የአጎቴ ሚስት

ልጄ በስልኳ ቱሊፕ የሚባል ቀይ አበባ አሳየችኝ፤ ሥሩ ሽንኩርት ይመስላል። «እማ፣ የሆላንድ ይሉታል እንጂ ትውልዱ የእስያ ተራራ ነው። በቱርኮች በኩል አውሮፓ ሲገባ ነው ቱሊፕ የተባለው» አለችኝ።

የአጎቴ ሚስት ትዝ አሉኝ። ልጅ ሆኜ፣ ጥሊሊ ከተማ፣ እርጥብ አፈር እየሸተተን ሽንኩርት ስንተክል፣ «እትዬ፣ ሳያገቡ ስምዎ ማን ነበር?» አልኳቸው። በሠርጋቸው አማታቸው ሌላ ስም እንዳወጡላቸው ሰምቼ ነበር።

«አይ አንቺ ወሬኛ!» ብለው ሳቁ። ከዚያ እጃቸው ጭቃው ውስጥ እንዳለ እንዲህ አሉኝ፦ «እናቴ ያወጣችልኝን እዚህ የጠየቀኝ የለም። መደቡን ጨርሺና እነግርሻለሁ።»

ዝናብ መጣና ሮጥን። ደግሜ ሳልጠይቃቸው አረፉ።

«ታዲያ ማን ነበር ስማቸው?» አለችኝ ልጄ። ዳንግላ ላሉት ልጆቻቸው ደወልኩ። እነሱም የሚያውቁት የአባታቸው እናት ለእናታቸው በሠርጉ ያወጡትን ስም ብቻ ነው።