የዘጠኝ ወር ትራስ

በቀረጻ ቦታ ሁሉ «እትዬ ትራስ» ይሏታል። ስሙን ማን እንዳወጣላት የሚያስታውስ የለም፤ እንደ ሙጫ ተጣብቆባት ቀርቷል። ሥራዋ ለፊልም ተዋናዮች ልብስ መስፋት ነው። ዝናዋ ግን ከቀሚስም ከኮትም አይደለም የመጣው፣ ከሆድ ነው። ያላረገዘች ተዋናይ እርጉዝ ሆና እንድትታይ ሲፈለግ ሆዱን የምትሰፋላት እሷ ናት። የሦስት ወር፣ የስድስት ወር፣ የዘጠኝ ወር፣ እንደ ትእዛዙ።

ሌላው ልብስ ሰፊ፣ ትራስ አጣጥፎ ቀሚስ ውስጥ ይወትፋል። እንዲህ ያለ ሥራ ስታይ ያማታል። የእሷ ሆድ ከላይ ጥጥ ነው፤ ከታች በኩል ግን ለክብደት ሩዝ የሞላባቸው ትንንሽ ከረጢቶች አሉት። አንዲት ተዋናይ ያንን ታጥቃ ሩብ ሰዓት ከቆመች ማንም ሳያዛት እጇን ወገቧ ላይ ታደርጋለች፤ ስትቀመጥም ወንበሩን እየዳሰሰች ነው። ለእምብርት ደግሞ ከጨርቁ ሥር የካፖርት ቁልፍ ትሰፋበታለች። ተመልካች ልብ ባይለውም እሷ ታውቃለች፤ ያ ይበቃታል።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስትሰፋ ኖረች። የሰፋቻቸውን ሆዶች ቁጥር ባታውቅም የፊልሞቹን መጨረሻ በቃሏ ታውቀዋለች። ሽማግሌው ይሞታል፣ ሕፃን ይወለዳል። ከተማው ይቃጠላል፣ ከፍርስራሹ መሀል ሕፃን ያለቅሳል። ሰካራሙ ባል ሚስቱን አሥር ዓመት ሲደበድብ ይኖርና ሆዷ ገፋ ሲል በአንድ ዘፈን ይቅር ይባላል። ልጅ የሌላት ሴት ግን በፊልም ውስጥ ሁለት ሥራ ብቻ ነው ያላት፤ ወይ የሰው ትዳር ታፈርሳለች፣ ወይ መስኮት ተደግፋ የሰው ልጆች ሲጫወቱ እያየች ታነባለች። ሦስተኛ ሥራ የሰጣት የለም።

እትዬ ትራስ ደግሞ ልጅ የላትም። የማንንም ትዳር አላፈረሰችም፤ መስኮት ላይ ቆማ ለማልቀስም ጊዜ የላትም፣ መስኮቷ ሥር ያለው የስፌት ማሽኗ ነው። ግን እንጀራ ነው ብላ ሰፋች። ዝም አይነቅዝም እያለች ሰፋች።

ልጅ ጠልታ እንዳይመስላችሁ። በፊልሙ መጨረሻ የሚታቀፈው ሕፃን እውነተኛ ነው፣ ከእናቱ በውሰት የሚመጣ። አንድ ቀን የሦስት ወር ልጅ ይዛ የመጣች እናት ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት መተላለፊያው ላይ ቆማ ዋለች፤ ወንበር ያመጣላት የለም። ተራው ደርሶ መብራቱ ሲበራበት ልጁ እሪ አለ። ምን ያድርግ፣ ዓይኑ ነው። «ይሄን አውጡልኝ» አለ ካሜራ ያዡ። ከደቂቃ በፊት የሰው ዘር ተስፋ ሲባል የነበረው እሱው ነው። እትዬ ትራስ እናትየዋን ከልብስ መስቀያው ጀርባ ወሰደቻት፣ የራሷን ወንበር ሰጠቻት፣ በካፖርት ጋረደቻት፤ እናትየዋም ልጇን አጠባች። የልጁን እርጥብ ጨርቅ የምትቀይርበት ቦታ ስላልነበረ በመተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ቀየሩለት። «ፊልም ሠሪዎች ልጅ ሲወዱ» ለሚላት ሁሉ ይህችን ቀን ትተርክለታለች፣ ያውም እየተቆጣች።

ባሏ ጫማ ሰፊ ነው። ከመንገዱ ማዶ አንዲት በር ያላት ሱቅ አለችው፤ ቀኑን ሙሉ ዝቅ ያለች ዱካ ላይ ተቀምጦ ስለሚውል ማታ ሲነሳ ወገቡን ይዞ ነው። ሃያ ሰባት ዓመት አብረው ኖረዋል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ትንሿን ክፍል ቀለም ቀብተው የሕፃን አልጋ አስገብተውባት ነበር። ዘጠኝ ዓመት ጠበቁ። ዘመዶቹ «ሌላ አግባ፣ ዘርህ ይጠፋል» ብለው ሲነዘንዙት «እኔ ጫማ ሰፊ ነኝ፤ በአንድ እግሩ ሁለት ጫማ የሚያደርግ ደንበኛ ገጥሞኝ አያውቅም» ብሎ አፋቸውን አስያዛቸው። እሷ ግን በየወሩ ታለቅስ ነበር፤ ያንን አትክድም።

አንድ ጠዋት ባልየው ምንም ሳይናገር ያንን አልጋ ፈታታና አዲስ ለወለደች ጎረቤት ሰጠው። ከዚያ ከመኝታ ክፍላቸው ጥግ የስፌት ማሽኗን በትከሻው አንስቶ፣ እያቃሰተ፣ በሩን እየላጠ ወደ ትንሿ ክፍል አስገባና ከመስኮቱ ሥር አስቀመጠላት። «ብርሃኑ እዚህ ነው፤ ለዓይንሽ ይሻልሻል» አላት። የተላጠውን በር አይታ ሳቀች፤ እሱም ሳቀ። በዚያች ክፍል ውስጥ ሲስቁ የመጀመሪያቸው ነበር። የእኛ ትዳር ከዚያ ቀን ይቆጠራል ትላለች።

ይህን ታሪክ ለዳይሬክተሩ የነገረችው ራሷ ናት። ዝናብ ቀረጻውን አስቁሞት ነበር፤ እሷ ጠርዝ ትጠልፋለች፣ እሱ አጠገቧ ተቀምጦ ይሰማል። ዳይሬክተሩ ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ በቀረጻ ቦታ የመብራት ገመድ ከሚጎትትበት ዘመን ጀምሮ የምታውቀው ሰው ነው። በሦስተኛው ወር ወረቀት ይዞ መጣ። «እትዬ፣ ታሪክዎን ጻፍኩት። ከፈቀዱልኝ ፊልም ላደርገው ነው» አላት። የመጨረሻውን ገጽ አነበበላት። ሴትየዋ መስኮቱ ሥር ማሽኗ ላይ ተቀምጣለች፤ ባሏ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዞ ይገባል፤ ይጠጣሉ፤ አለቀ።

እትዬ ትራስ ከመቀመጫዋ ተነስታ ግንባሩን ሳመችው። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አንዲት እንደ እሷ ያለች ሴት በፊልም ላይ ሻይ ልትጠጣ ነው፣ ምንም ሳይጎድላት። ቤት ሄዳ ለባሏ ነገረችው። እሱም «ለዚህስ አዲስ ጫማ እሰፋልሻለሁ» አላትና በማግስቱ ቆዳ መረጠ።

ቀረጻው ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የአልባሳት ትእዛዝ መጣ። ለመጨረሻው ትዕይንት «ሆድ፣ ዘጠኝ ወር፣ አንድ» ይላል። የጽሕፈት ስህተት ነው ብላ ወረቀቱን ይዛ ወደ ዳይሬክተሩ ሄደች።

«ይሄ የማን ሆድ ነው?» አለችው።

ዓይኑን ከወረቀቱ ላይ አላነሳም። «የእርስዎ... ማለቴ የባለታሪኳ ነው። እኔ አይደለሁም እትዬ፣ የፊልሙ ባለገንዘብ ነው። ተመልካች ሆዱ ባዶ ሆኖ ይወጣል አለ።»

«የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ብዕሩን የያዘው ማነው?»

«እትዬ፣ ይረዱኝ። ሕዝቡ ተስፋ ይፈልጋል። ልጅ ማለት ነገ ማለት ነው።»

«እኔ ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው» አለች። «ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እነሳለሁ። ባሌም ተነስቶ ሱቁን ይከፍታል። ለሦስት ሰው ጫማ ቀጠሮ አለበት። ይሄ ነገ ካልሆነ ምንድን ነው?»

«ምልክት ነው እኮ...»

«ምልክት ከፈለግህ መንገድ ዳር ትከል። እኔ ሰው ነኝ። እሺ፣ ክፍሏስ? ማሽኗስ?»

ዳይሬክተሩ አንገቱን አከከ። «ማሽኑ ይወጣል» አለ በዝግታ። «የሕፃን አልጋ ይገባል።»

ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ በእጇ የነበረው መቀስ ነው። ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብላ አስቀመጠችው። «ይህን ሆድ አልሰፋም» አለችና ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

ለባሏ አልነገረችውም። ቤት ስትደርስ እሱ ጫማዋን ሊጨርስ ሶሉን እየመታ ነበር፤ መዶሻውን በደስታ ሲያነሳ ሲጥል አይታ ልትነግረው አልጨከነችም። «ትንሽ ነገር ቀያይረውበታል» ብቻ አለችው። «ፊልም አይደል፣ ይቀያይራሉ» አለ። ሆድ ይፍጀው ብላ ተኛች።

ለፊልሙ ምርቃት የጥሪ ካርድ መጣ። እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው እንዲሉ፣ የተሰጣቸው ወንበር ከምሰሶ ጀርባ ነበር። ከቀትር በኋላ ነው፤ አዳራሹ ጢም ብሏል። ፊልሙ ሲጀምር ግን ንዴቷ ለጊዜው ለቀቃት፣ ምክንያቱም የእሷ ነበር። የአንድ እግርና የሁለት ጫማው ቀልድ ሲመጣ አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ፤ ባሏ በክርኑ ጎሰማትና «የኔ ናት» ብሎ አንሾካሾከ። ተዋናዩ ማሽኑን በትከሻው ይዞ እያቃሰተ ገባ። በሩም ተላጠ። ሁሉም በቦታው ነው። ባሏ ወደ ምሰሶው ተጠግቶ አንገቱን አስግጎ ያያል።

ከዚያ ሙዚቃው ተለወጠ። እሷ ያንን ሙዚቃ ታውቀዋለች፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሰምታዋለች። ሐኪም ፈገግ አለ። ሁለት ወጣቶች መጥተው ማሽኑን በሁለት ወገን ያዙና አወጡት፤ ነጭ የሕፃን አልጋ ገባ። ብርሃኑም እንደ ጉድ ጎረፈ፤ ሴትየዋ ስትሰፋ ያልነበረ ብርሃን ከየት እንደመጣ እግዜር ይወቀው። ቀጥሎ ባለታሪኳ ዞር አለች፣ ሆዷ ገፍቷል። እትዬ ትራስ ከምሰሶው ጎን አጮልቃ አየችው። እምብርቱ አንድ ጣት ያህል ወደ ግራ ያጋደለ ነው። የራሷ ሥራ ነበር፤ ከሰባት ዓመት በፊት ቸኩላ የሰፋችው፣ ቁልፉን አጣምማ የሰፋችበት፣ አፍራበት ከአልባሳት መጋዘኑ ጥግ የደበቀችው። አልሰፋም ብትል ከመጋዘን አውጥተው የገዛ እጇን ሥራ በገዛ ታሪኳ ላይ አሰሩባት።

አዳራሹ ያነባል። ከፊታቸው የተቀመጠች ሴት አፍንጫዋን እየጠረገች «ወላድ በድባብ ትሂድ» አለች። ያልወለደችውስ በምን ትሂድ? እትዬ ትራስ ይህን ልትላት አፏን ከፍታ ነበር፣ ዓይኗ ባሏ ላይ ባያርፍ። ፊቱ በእንባ ርሷል።

ሃያ ሰባት ዓመት ሲያለቅስ አይታው አታውቅም። የእናቱ ቀብር ላይ እንኳ ጥርሱን ነክሶ ነው የቆመው። አሁን አንድ የጥጥ ሆድ አይቶ ያለቅሳል። ስለዚህ ያ ሁሉ ቀልድ፣ ያ ሁሉ «ለዓይንሽ ይሻልሻል» ለይምሰል ነበር ማለት ነው፤ ውስጡ ሲያዝንባት ኖሯል ማለት ነው። ዳይሬክተሩን ጠላችው፣ ባለገንዘቡን ጠላችው፣ ሙዚቃውን ጠላችው፤ ከሁሉ በላይ ግን አጠገቧ ያለውን ሰው መጠርጠሯን ጠላችው።

መንገዱን ሙሉ አዲሱ ጫማዋ ሲጥ ሲጥ ይላል። ቤት ገብተው እሱ በቀጥታ ወደ ትንሿ ክፍል ሄደና መብራት ሳያበራ ቆመ። ማሽኑን በእጁ ዳበሰው።

«ለምን አወጡት?» አለ።

«ምኑን?»

«ማሽኑን ነዋ። በትከሻዬ ነው ያስገባሁት። ሳምንት ሙሉ አንገቴን ማዞር አቅቶኝ ነበር፣ ረሳሽው? እነዚህ ለሁለት ይዘው ሲያወጡት ምንም አልመሰላቸውም።» ማሽኑን በእጅጌው ወለወለው። «አንቺን አንስተው ያወጡሽ መሰለኝ።»

«ያለቀስከው ለዚህ ነው?»

«ታዲያ ለምን ላልቅስ? ያ ሆድ እንደሆነ እምብርቱ ጠማማ ነው።»

እትዬ ትራስ በሩ ላይ፣ እንደተላጠ በቀረው መቃን ተደግፋ፣ እየሳቀች አለቀሰች። ስለ ትእዛዙ ወረቀት፣ ስለ ዳይሬክተሩ፣ ደብቃ ስለያዘችው ሁሉ ነገረችው። እሱ እስከ መጨረሻው ሰማትና «ለኔ መንገር ነበረብሽ» ብቻ አላት። ነበረባት።

በማግስቱ ጠዋት ወደ አልባሳት መጋዘኑ ሄደች። ዳይሬክተሩ እዚያ ነበር፣ በደስታ ፊቱ ወዝቷል።

«እትዬ፣ አዩት አይደል? አዳራሹ በሙሉ አለቀሰ።»

«አለቀሰ። ባሌም አለቀሰ።»

«አላልኩዎትም?»

«ማሽኑን ስላወጣህበት ነው ያለቀሰው» አለችው። አልገባውም፤ እንዲገባውም አልጠበቀችም። «ከዛሬ ጀምሮ ቀሚስ ካልክ ቀሚስ፣ ኮት ካልክ ኮት እሰፋለሁ። ሆድ ግን አልሰፋም፤ ያንተ ፊልም ላይም፣ የማንም ላይ። ያንን ፊልም ደግሞ የእትዬ ታሪክ ነው ብለህ ለማንም እንዳታወራ። ያቺ ሴት እኔ አይደለሁም።»

እሷ ወደ ውስጥ ገብታ እምብርተ ጠማማውን ሆድ ከመስቀያው አወረደችና በብብቷ ሥር ይዛ ወጣች። በር ላይ ያለው ዘበኛ አያት።

«እትዬ ትራስ፣ ምን ይዘዋል?»

«ነገን» አለች። «ወደ ቤት እየወሰድኩት ነው።»

ዘበኛው ሳቀና አሳለፋት። እሷ አልሳቀችም።

መስኮቷ ሥር ተቀምጣ በዚያው ቀን ፈታችው። የእምብርቱን ቁልፍ ነቅላ ከሌሎቹ ቁልፎች ጋር ጣሳው ውስጥ ጣለችው። ማሰሪያዎቹን ቆረጠች፣ ጥጡን ደልዳላ አድርጋ ደለደለችው፣ የሩዙን ከረጢቶች እንዳይንሸራተት ከሥር ተወቻቸው፤ በላዩ ላይ የማይቆሽሽ ጥቁር ጨርቅ አለበሰችው። መንገዱን ተሻግራ ባሏ ሱቅ ገባችና ተነስ አለችው፤ ዱካው ላይ አነጠፈችለት።

ባልየው ወገቡን ይዞ ትራሱን ከላይ እስከ ታች መረመረው፣ በመዳፉም ተጫነው።

«ስንተኛ ወሩ ነው?» አላት።

«ዘጠኝ።»

«እንግዲያ ደርሷል» ብሎ ተቀመጠበት።