በገና ጨዋታ ጌታ ይቆጣል

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚባለው ውሸት ነው። ይቆጣሉ። በጣሊያን ዘመን፣ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ባለው አገራችን፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው መስክ ላይ ተቀምጬ ሲቆጡ አይቻለሁ።

በዚያ ዓመት የእኛ ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ሲጋጠሙ፣ የታች ሰፈሩ ባላባት እንደ ወትሯቸው ሣር ላይ አልተቀመጡም። የጣሊያኑ ምሽግ አዛዥ ወንበር አስመጥቶላቸው ከጎኑ አስቀመጣቸው። ከኋላቸው አስተርጓሚው ቆሟል።

ላይ ሰፈር ማለት አንድ ሰው ነበር። ሩሯ፣ ያቺ ከእንጨት የተጠረበች ድቡልቡል፣ ዱላው ላይ ከወደቀች የሚመልሳት የለም። የዚህ ሰው ወንድም ግን ለአርበኞች ስንቅ አቀብለሃል ተብሎ ምሽግ ውስጥ ታስሯል። ባላባቱ ከበዓሉ በኋላ አዛዡን ለምነው ሊያስፈቱት ለእናትየው ቃል ሰጥተዋል። ይህን የማያውቅ ተመልካች አልነበረም።

ቢያውቅስ? ሰውየው ከሰዓት በሙሉ ዱላውን እየጎተተ ሲሮጥ፣ የራሱ ወገን ተነሣበት። አንዱ አራስ ነው ገንፎ ይምጣለት አለ፤ ሌላው ቀሚስ ይሰጠው አለ። አጠገቤ የነበሩት የንስሐ አባቴ እንኳ፣ ጠዋት ቀድሰው የወጡት፣ ታች ሰፈር እግሩን ገዝቶት እንደሆነ ጠየቁኝ። በዚህ መሐል እናቱ ከሴቶቹ መካከል ተነሡ።

«ልጄን ተዉት። ዛሬስ ይሸነፍ።»

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። የንስሐ አባቴ ያንኑ ተረት ጠቀሱላቸውና አይዞሽ፣ ተቀመጪ አሏቸው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሩሯ ከሰውየው እግር ሥር መጥታ ቆመች። እናቱ ወደ ተቀመጡበት ዞሮ አየ። ምታት፣ አራሱ፣ ምታት የሚለው ጩኸት ግን ከዳር እስከ ዳር ያስተጋባ ነበር። መታት። ወሰኑን አልፋ ጎመን ማሳ ውስጥ ገባች።

ያሸነፈ የተሸናፊውን ጌታ በግጥም መስደቡ ልማድ ነው፤ ጌታውም ፈገግ ብሎ ጠላ ያስቀዳል። ባላባቱ በየዓመቱ እንዲህ ያደርጉ ነበር። የእኛዎቹም እየጨፈሩ መጡ፦

ወንበር ተበድሮ ከጣሊያኑ ቤት፣
ጌታው ቁጭ እንዳለ ሩር አለፈችበት።

ባላባቱ ፈገግታውን ጀምረውት ነበር። አዛዡ ምን እንደሚሉ አስተርጓሚውን ጠየቀ፤ ተነገረው። ጉልበቱን እየመታ ሳቀ፤ ከዚያም ውሻ እንደሚያባብል ሰው የባላባቱን ትከሻ መታ መታ አደረገ። የገዛ ሰው ስድብ የዓመት ልማድ ነው፤ ባዕድ ሲስቅበት ግን ስድብ ብቻ ሆነ። ጠላ አልተቀዳም።

በማግስቱ እናትየው ከባላባቱ ደጅ ቆመው እግዜር ያሳይዎ ብለው ለመኑ። መልሱ ይህ ነበር፦

«ዱላ የሚያውቅ ልጅ አለሽ አይደለም? እሱ ያስፈታልሽ።»

ከሰነበተ በኋላ እስረኞቹን ካሚዮን ጭኗቸው ሄደ። የታሰረው ልጃቸው አልተመለሰም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ባላባቱ ብቻ አይደሉም፤ ለጣሊያን ወንበር ያጎነበሰ ሰው ሌላ ምን ያደርጋል? የሚያንገበግበኝ ያ ሁሉ ጉሮሮ ነው። አራስ ሲለው የዋለው ሁሉ፣ ካሚዮኑ ከሄደ በኋላ፣ ምን ቢያቀብጠው መታት እያለ በወንድምየው ፈረደ። ተረቱንም አልተወም፤ ይኸው ዛሬም ገና በመጣ ቁጥር ይተርታል።

አንተ አንባቢ፣ እኔ ባለሁበት አትተርትብኝ።