በቀሚስ ላይ የወሰድኩት ልክ

ደብረ ብርሃን ላይ ልብስ ስሰፋ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ከሱቄ የተበላሸ ሱሪ ወጥቶ አያውቅም እያልኩ ስፎክር ኖሬያለሁ። አንድ ወጥቷል። የለበሰችውም ልጄ ናት።

ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም። የተወለድኩት አንኮበር ነው። የአባቴ እርሻ ገደል አፋፍ ላይ የተንጠለጠለ ቁራጭ መሬት ስለነበረ ለእኔ የሚተርፍ አልነበረውም። ደብረ ብርሃን መጥቼ አሮጌ የስፌት መኪና ተከራየሁ። ከሰልባጅ ተራ ሱሪ እገዛና ስፌቱን በምላጭ እፈታዋለሁ። ቁራጮቹን ጋዜጣ ላይ ዘርግቼ ዙሪያቸውን በእርሳስ ከከለልኩ በኋላ መልሼ እገጥማቸዋለሁ። ሱሪው ሱሪ እስኪመስል ድረስ አፈርሳለሁ፣ እሰፋለሁ። በዚህ መንገድ የተማረ ሰው ግትር ይሆናል። ስህተቱን የሚነግረው መምህር ስላልነበረው፣ እሱ ያላየው ስህተት የሌለ ይመስለዋል።

ልጆቼንም ያሳደግሁት በዚሁ ዓይነት ነው። የተጣመመ ስፌት ካየሁ "ፍቺው" እላለሁ። "ማን ያየዋል አባዬ?" ካሉኝ "እግዜር ያየዋል፣ አንቺም ታይዋለሽ" ነበር መልሴ። ያቺ ልጄ ይህን ስንት ጊዜ እንደሰማችው እሷ ትቁጠረው። ከመኪናዬ ሥር ክር እየለቀመች ነው ያደገችው። ገና ተማሪ ሳለች የሱሪን የፊትና የኋላ ቁራጭ አንስታ የቱ እንደጎደለ ትነግረኝ ነበር።

እሷ ስፖርት ተምራ አዲስ አበባ አንድ ትምህርት ቤት ተቀጠረች። እዚያ አብራት የምታስተምር ሴት ወደ ጎልፍ ሜዳ ወሰደቻት። እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ጨዋታው ያዛት። በሦስተኛው ዓመት ውጭ አገር ሄደው ለሚጫወቱ ሴቶች ምርጫ ሲደረግ ስሟ ገባ። ይህን ሁሉ የሰማሁት ከእናቷ ነው። እኔን ያናገረችኝ መስከረም ላይ፣ ለመስቀል ስትመጣ ነው።

"አባዬ፣ ሱሪ ትሰፋልኛለህ?"

"ለማን?"

"ለእኔ።"

መኪናውን አላቆምኩም። "ለሴት ሱሪ እንደማልሰፋ ታውቂያለሽ።"

"አውቃለሁ። ስጠይቅህ ሁለት ወር የፈጀብኝ ለዚህ ነው።"

እውነቷን ነው፤ ደንቤ ነበር። ለሴት ቀሚስ እሰፋለሁ፣ ጉርድ እሰፋለሁ፣ የቤተ ክርስቲያን ልብስ እሰፋለሁ። ሱሪ ግን የለም። ብዙ ደንበኛ በዚህ ምክንያት ወደ ሌላ ሱቅ ሄዶብኛል፤ እኔም ኮርቼበታለሁ።

"ምን ዓይነት ጨዋታ ነው ደግሞ? ገና ነው እንዴ?"

"እንደ ገና በዱላ ነው የሚመታው። ግን የሚጋፋህ ሰው የለም፤ ኳሷ ቆማ ትጠብቅሃለች።"

"ቆማ የምትጠብቅ ኳስ መምታት ምን ጨዋታ ነው?"

"አንድ ጊዜ ሞክረህ ስትስታት ታየዋለህ።"

እናቷ ከጓዳ ሳቀች። ሱቃችን የቤታችን የፊት ክፍል ስለሆነ ከጓዳ የማይሰማ ነገር የለም።

ልጄ የምትፈልገውን ሱሪ እንደ አዋቂ አስረዳችኝ። ገበያ ላይ ያለው የሴት ሱሪ እንደ ቆዳ ይጣበቃል፤ የወንዱ ደግሞ ወገቡ ልክ ሲሆን ዳሌው ይጠባል። ስትመታ ሰውነቷ ከወገብ ይዞራል፣ ጉልበቷ ይታጠፋል። ኳሷ የምትንከባለልበትን መሬት ለማየት ቁጢጥ ትላለች፤ ግማሽ ቀን በእግሯ ትሄዳለች። "የማይዘኝ፣ ግን ደግሞ የማይንዘላዘል" አለችኝ። ቀላል፣ ትንሽ የሚለጠጥ፣ ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅም ከአዲስ አበባ ይዛ መጥታ ነበር።

"እሺ" አልኳት። ለምን እሺ እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ፊቷ ሲፈካ ትዝ ይለኛል።

ለወንድ ደንበኛ ሱሪ ስሰፋ በመጀመሪያ ሥራውን ነው የምጠይቀው። ግንበኛ ከሆነ ቁጢጥ አስብዬ እለካዋለሁ። ሹፌር ከሆነ ወንበር ላይ አስቀምጬ። ቆሞ የሚለካ ሱሪ ለፎቶ ብቻ ነው የሚሆነው። ይህን ማንም ሳያስተምረኝ የደረስኩበት ስለሆነ ለሰው ሁሉ እናገረዋለሁ።

ልጄን ግን ቀጥ አድርጌ አቆምኳት። ሜትሩን በቀሚሷና በሹራቧ ላይ አዞርኩት። ከወገብ በታች ያለውን እጄ ሳይነካት ገመትኩ።

እናቷ ብቅ አለች። "ሜትሩን ለእኔ ስጠኝና ጓዳ ገብተን ልለካት።"

"ዓይኔ ይበቃል።"

"ዓይንህ እኮ ጣሪያ ጣሪያውን ነው የሚያየው!"

ልጄ ሳቀችና ጨርቅ የምለካበትን የእንጨት ሜትር አነሳች። "ቆይ አባዬ፣ ስመታ እንዴት እንደምቆም ላሳይህ።" እግሯን ከፍታ ጎንበስ ማለት ስትጀምር እንጨቱን ከእጇ ወሰድኩት። በሩ ክፍት ነበር፤ ሰው ያልፋል።

"በቃ፣ አይቼዋለሁ" አልኳት።

አላየሁም።

በማግስቱ ጫማ የሚጠግነው ጎረቤቴ በሩ ላይ ተደግፎ "ወዳጄ፣ ለሴት ሱሪ መስፋት ጀመርክ አሉ። እንግዲህ ለእኛም ቀሚስ ትሰፋልናለህ!" አለኝ። አብሮት የቆመው ሰው ሳቀ። እኔም የሳቅሁ መሰልኩ። ከሄዱ በኋላ መቀስ አነሳሁ።

ሰው ሲጠይቀኝ "በቀሚስ ላይ ስለለካሁ ተሳሳትኩ" እያልኩ ቆይቻለሁ። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ሠላሳ ዓመት የሰፋ ሰው የቀሚሱን ውፍረት ቀንሶ መቁረጥ አያቅተውም። አልቀነስኩም። በየጎኑ አራት አራት ጣት ጨመርኩበት። መቀመጫውን ሆን ብዬ ወደ ታች አወረድኩት፣ ቅርጿ እንዳይታይ። ያመጣችውን ጨርቅ መርፌዬ ይዘልበታል ብዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፤ የሚለጠጥ ጨርቅ የሚሰፋው መርፌ ከሁለት ሱቅ ማዶ ይሸጥ ነበር። በምትኩ የዘበኞች የደንብ ልብስ ሰፍቼበት የተረፈኝን ወፍራም ግራጫ ቴትረን ጨርቅ ቆረጥኩ።

ልብስ የማያውቅ ሰው ሰፊ ሱሪ ለመንቀሳቀስ ይመቻል ይላል። አይመችም። መቀመጫው የወረደ ሱሪ ጭንና ጭንን አንድ ላይ ያስራል፤ የለበሰው ሰው እግሩን ሲከፍት ጨርቁ ወገቡን ወደ ታች ይጎትተዋል። ይህን አውቅ ነበር። እያወቅሁ ሰፋሁት፤ ስፌቱን ግን አሳመርኩት። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ያማረ ስፌት ለክፉ አቆራረጥ ሽፋን ሊሆን እንደሚችል ያኔ ነው የገባኝ።

ለብሳው ከጓዳ ወጣች። ጉልበቷን አጠፈችና ተነሳች። ጣቶቿ የጎኑን ስፌት ተከትለው ወረዱ፤ ጭኗ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ቀና ብላ አየችኝ።

"ሰፋብሽ?" አልኳት።

"ቀበቶ አደርግበታለሁ።" የሱሪውን ወገብ ወደ ላይ ሳብ አደረገችና "እጅህ ይባረክ አባዬ" አለች።

ጥቅምት ላይ ለምርጫው ጨዋታ እናቷና እኔ አዲስ አበባ ሄድን። እንደዚያ ያለ ሣር አይቼ አላውቅም፤ ከብት ያልደረሰበት መስክ። ከገመዱ ኋላ ቆምን። ሌሎቹ ሴቶች ቀለል ያለ ሱሪ ለብሰዋል፤ ሲዞሩ ጨርቁ አብሯቸው ይዞራል፣ ሲቆሙ ይቆማል። አንዳቸውም ነውረኛ አልመሰሉኝም። እንደ ሠራተኛ ነበሩ፤ ሥራቸውን የሚሠሩ።

የእኔ ልጅ መጣች። ነፋስ ነበር። ሱሪው እግሯ ላይ እንደ ድንኳን በር ይማታል። ዱላውን ከመያዟ በፊት የሱሪውን ወገብ ወደ ላይ ትስባለች፤ እግሯን ስትከፍት ተመልሶ ይወርዳል። ስትዞር የጭኗ ጨርቅ እጇን ይነካባታል። አንዴ ኳሷን ወደምትገባበት ጉድጓድ ልትገፋ ጎንበስ ብላ፣ ጨርቁ እየተርገበገበ ሲያስቸግራት ቀና አለች። ጨርቁን በሁለት ጉልበቷ መሃል ጨምቃ ይዛ መታች። ኳሷ ጉድጓዱን ስታ አለፈች። ከአጠገባችን የቆመች ወጣት "ምስኪን፣ የወንድሟን ሱሪ ነው እንዴ የለበሰችው?" አለች። እናቷ ዞር ብላ እኔን አየችኝ፤ ወጣቷን አይደለም።

በዚያ ጨዋታ የሚያሸንፈው ጥቂት የመታ ነው። የሚሄዱት አራት ነበሩ። ልጄ ከአራተኛዋ ሁለት ምት አብዝታ አምስተኛ ሆነች።

"ነፋሱ አስቸገረኝ" አለችን። ከእሷ ውጪ ያሉት ሁሉ በዚያው ነፋስ ነበር የተጫወቱት።

ስንመለስ ሚኒባሱ ሸኖ ሲደርስ እናቷ መስኮቱን ትታ ወደ እኔ ዞረች። ከዚያ "እኔ ስፌት አላውቅም" አለች። "ዓይን ግን አለኝ።" ሌላ ቃል አልጨመረችም፤ እስከ ዛሬም አንስታው አታውቅም።

ሱሪው ታጥቦና ተተኩሶ ወደ ቤት ተመለሰ፤ ቁም ሣጥን ውስጥ ተሰቀለ። ልጄ በየበዓሉ ትመጣለች፣ ትጠይቀኛለች፣ እንደ ድሮው ታስቀኛለች። ልብስ ስፋልኝ ግን ብላ አታውቅም።

ባለፈው ፋሲካ የተገዛ የጎልፍ ሱሪ ለብሳ መጣች። ዓይኔ ቀድሞ እግሩ ጫፍ ላይ አረፈ። ረዝሞባት አሳጥራዋለች። እጥፋቱ ተጣምሟል፣ ክሩም ከጨርቁ ቀለም ጋር አይሄድም። ስፌቱ የመኪና ነው፤ ሌላ ሰፊ ዘንድ ወስዳዋለች ማለት ነው። አባቷ ሰፊ ሆኖ፣ አንዲት እጥፋት ለማሳጠር ሌላ ሰው በር ላይ ቆማለች።

"አውልቂውና ላስተካክልልሽ።"

"ተወው አባዬ፣ የሜዳ ነው። ማን ያየዋል?"

የተናገረችውን እሷ ራሷ ሰማችው። ከዚያ ገባችና የእናቷን ጋቢ አገልድማ ሱሪውን አመጣችልኝ።

እጥፋቱን ፈታሁ። እግረ መንገዴን ሱሪውን ገልብጬ አየሁት። በልምዴ ሁሉ ያላሰብኩት ነገር አገኘሁ፤ ሁለቱ እግሮች የሚገናኙበት ቦታ እንደ ዳማ ቤት ያለ ትንሽ ቁራጭ ገብቶበታል። እግር ሲከፈት ወገብ እንዳይጎተት። መዳፌን የማይሞላ ጨርቅ ነው። ጨዋነትንም ምቾትንም አንድ ላይ ይዟል።

ክር እያስገባሁ፣ ቀና ሳልል ነገርኳት። "ያን ሱሪ ያበላሸሁት ተሳስቼ አልነበረም። ሆን ብዬ ነው ሰፊ ያደረግሁት።"

"አውቃለሁ።"

"መቼ አወቅሽ?"

"ስለብሰው። የአንተ ልጅ አይደለሁ? አቆራረጥ አላውቅም?"

"ታዲያ ለምን ለበስሽው?"

ጋቢውን ወደ ላይ ሰበሰበች። "ካልለበስኩት ሁለተኛ የምትሰፋልኝ አልመሰለኝም።"

ልጅን በፍርሃት ማሳደግ መታዘዝን ያስተምራል ብዬ አምን ነበር። ያስተምራል። እውነቱን እያወቀች "እጅህ ይባረክ" እንድትለኝም ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

መሳቢያውን ከፍቼ ጥቁር ሰማያዊውን ጨርቅ አወጣሁ። የታጠፈበት መስመር ላይ ቀለሙ ትንሽ ለቋል።

"ልለካሽ።"

"አባዬ፣ ውድድር እኮ ትቻለሁ። አሁን ልጆች ነው የማስተምረው።"

"ቢሆንም።"

እጥፋቱን ጨርሼ ሰጠኋትና የተገዛውን ሱሪዋን ለበሰች። የእንጨቱን ሜትር እኔው አነሳሁና ሰጠኋት። "እንዴት እንደምትቆሚ አሳዪኝ" አልኳት። በሩን አልዘጋሁትም። እግሯን ከፈተች፣ ጎንበስ አለች፣ ዞረች። ሜትሩን ይዤ ተንበረከክሁ። ዳሌዋ ሲዞር ጨርቅ የሚፈልግበትን ቦታ አየሁ። ጉልበቷ የሚሄድበትን አቅጣጫም አየሁ። ያን ቀንም ባየው ኖሮ ከዚህ የረዘመ ጊዜ አይወስድብኝም ነበር።

የደንበኞቼን ልክ የምጽፍበት ደብተር ላይ የእሷን ገጽ ገለጥኩ። በቀሚስ ላይ የወሰድኩት ቁጥር አለ። ሰርዤው ከሥሩ አዲሱን ጻፍኩ። ሱሪውን እየሰፋሁት ነው፤ ለሰኔ ይደርስላታል። ለዚያ ለጥቅምቱ ሜዳ የሚሆናትን ልክ ግን ደብተሬ ውስጥ ብፈልግ አላገኘውም፤ የወሰደው ሰው የለም።