የተሸነፈ ሰሃን ያጥባል

የስደት ታሪክ በጨለማ መጀመር አለበት ይባላል። እኔ ከልደታ የወጣሁት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ አናት ስትበሳ ነው። ታክሲው አብነት አደባባይ ቆሞ ሲጠብቀኝ፣ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር የሆኑት አባቴ ትልቁን መዝገበ ቃላታቸውን ሻንጣዬ ውስጥ ከተቱት። እህቴ ደግሞ ቀድማ በርበሬ ሞልታበታለች። ኤርፖርት ሚዛን ላይ ከሁለቱ አንዱ መቅረት ነበረበት። መጽሐፍ ሳገላብጥ ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ የደረስኩ ሰው ነኝ፤ በርበሬውን ያዝኩ።

እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ ገባሁ። የልደታ ዝናብ ተቆጥቶ ይወርዳል፣ ይጨርሳል፣ ይታረቃል። የሊድስ ዝናብ ግን ቀኑን ሙሉ እንደ ጎረቤት ሽማግሌ ያጉረመርማል። ቤት ፍለጋ የሄድኩበት ቢሮ ውስጥ አንዷ ሠራተኛ፣

“ኢንተርፕሪተር ይፈልጋሉ?” አለችኝ። አስተርጓሚ ማለቷ ነው።

“እንግሊዝኛ እኮ ነው የምናገረው።”

“እሱንማ እየሰማሁ ነው” ብላ አስተርጓሚ እንድጠብቅ አስቀመጠችኝ። ሦስት ቀን ተመላለስኩ። የመጣው አስተርጓሚ የዐረብኛ ነበር። ተጨባብጠን ተለያየን።

መጀመሪያ ካረፍኩበት፣ ዘጠኝ ሰው ከሚያድርበት ቤት ያወጣችኝ ሚስስ ዶሪን ናት። ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ብቻዋን ትኖራለች፤ ላይኛውን ክፍል ታከራያለች። ኪራዩ ርካሽ ሲሆን አንድ ግዴታ አለበት፦ በየቀኑ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መስኮቱ ጋ ከእሷ ጋር ሻይ በኬክ መጠጣት። መጀመሪያ የሚያልፈው መኪና ታርጋ መጨረሻ ላይ ሦስት ፊደል አለ። ሦስቱንም የያዘ ረጅሙን የእንግሊዝኛ ቃል ያገኘ ያሸንፋል፤ የተሸነፈ ሰሃን ያጥባል።

ጨዋታውን አውቀዋለሁ። ልጅ ሳለሁ አባቴ ከእራት በፊት የሚያጫውቱኝ ጨዋታ ነው፤ ዛሬም በየእሑዱ በስልክ እንጫወተዋለን። ከዚያ ወዲህ መንገድ በሰላም መሄድ አልቻልኩም። የቆመ መኪና ባየሁ ቁጥር ታርጋው ላይ አፈጣለሁ፤ አንድ ጊዜማ ባለቤቱ “ልትገዛው ነው?” ብሎኛል።

ግን የልደታ ልጅ ነኝ። ለትልቅ ሰው ይለቀቃል፤ ለአባቴም በስልክ የምለቀው ለዚሁ ነው። ታርጋው ኤስ፣ ኤን፣ ጂ ሆኖ ሚስስ ዶሪን “ስፕሪንግ” ስትል እኔ “ሶንግ” እላለሁ፤ ተነሥቼም ሰሃን አጥባለሁ። ያገኘሁትን ረጅም ቃል ግን መጣል አልሆንልህ ስላለኝ፣ በቁራጭ ወረቀት እየጻፍኩ ኪሴ ውስጥ እከታለሁ። በሰባተኛው ሳምንት አንዱን ወረቀት ጠረጴዛው ሥር ወድቆ አገኘችው።

“‘ስትሬንጀር’ ይላል። ስምንት ፊደል። ለምን አላልከውም?” አለችኝ። ባዕድ ሰው ማለት ነው።

“ለአክብሮት ነው። እኛ ሰፈር ትልቅ ሰው አይሸነፍም።”

“ታዲያ ትልልቆቹ ከማን ጋር ነው የሚጫወቱት?”

ወረቀቱን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ፤ አልሰጠችኝም።

“ባሌ በሠርጋችን ቀን እንኳ አልለቀቀልኝም” አለች። “እኔ የምፈልገው ተጋጣሚ እንጂ አስታማሚ አይደለም። ነገ አንዴ ከለቀቅክልኝ፣ ክፍሉን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ።”

በማግስቱ ተቀመጥን። ዘጠኙ ሰዎች፣ የእግራቸው ሽታ፣ የመጸዳጃ ቤቱ ሰልፍ ዓይኔ ላይ ይመላለሳሉ። አንድ ቀይ መኪና አለፈ። አር፣ ፒ፣ ቲ።

“ካርፔት” አለች ወዲያው። ስድስት ፊደል።

አፌ በልማድ አጭር ቃል ሊፈልግ ሲል፣ ያቺ የቢሮ ሠራተኛ ትዝ አለችኝ።

“ኢንተርፕሪተር።”

በጣቷ ቆጠረች። አሥራ አንድ። ተነሥታ ቧንቧውን ከፈተች። እኔም ከኋላዋ ተነሣሁ።

“ተቀመጥ!”

ተቀመጥኩ። ሰማንያ ሁለት ዓመት የሞላት ሴት የበላሁበትን ሰሃን እያጠበች፣ እኔ እጄን አጣጥፌ። በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ወንበር የለም። እሷ ግን ታፏጭ ነበር።

እሑድ አባቴ ጋ ደወልኩ። እነዚያኑ ፊደላት ሰጠኋቸው።

“ሪፖርት!” አሉ በኩራት። “አንተስ?”

“ኢንተርፕሪተር” አልኳቸው። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

“አባባ?”

“አለሁ፤ እየቆጠርኩ ነው።” ከዚያ ትልቅ ትንፋሽ ሰማሁ። “ከሄድክ ጀምሮ ሦስት ፊደል፣ አራት ፊደል ስትለኝ ስደት የልጄን አእምሮ በላው ብዬ፣ በየጠዋቱ ልደታ ቤተ ክርስቲያን እየሄድኩ ስለምንልህ ነበር እኮ።”

እሳቸው ቀጠሉ።

“እዚያ የተሸነፈ ምን ይሆናል?”

“ሰሃን ያጥባል።”

“ጥሩ። ሰሃኖቹ እህትህ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው የሰቀለቻቸው፤ እጄ አይደርስም። መጥተህ አውርድልኝና አጥባለሁ።”

“እሺ አባባ” አልኩ። መቼ ብለው አልጠየቁኝም።