የእህቴ ድድ

በሎክዳውኑ ጊዜ፣ በስደት አገር፣ ትሮይቪል በሚባል ሰፈር በአንዲት ክፍል፣ ከታላቅ እህቴ ጋር ማስክ እየሰፋን እንሸጥ ነበር። ከዚያ በፊት እሷ ብርድ ልብስ እያዞረች ትሸጥ ነበር። ሴቶቹን በአገሩ ቋንቋ "ሳውቦና ማማ" ብላ ሰላም እያለች ጥርሷን ብልጭ ስታደርግላቸው፣ ሳይገዙ የሚያልፏት ጥቂት ነበሩ። በልጅነቷ የተነቀሰው ድዷ ጥቁር ስለሆነ ጥርሷ ወተት ይመስል ነበር። እኔማ እቀናባት ነበር።

ማስኮቻችንን የማጥበው እኔ ነኝ። አንድ ቀን የሷን ስገለብጠው ከውስጥ በኩል ደም ደርቆበት አገኘሁ።

"እትዬ፣ ምንድነው ይሄ?"

ልትደብቀኝ ሞከረች። ስነዘንዛት ጊዜ ከንፈሯን ገልባ የላይኛውን የፊት ጥርሷን በጣቷ ነካ አደረገችው። ተነቃነቀ። አፏ ሁልጊዜ እንደተሸፈነ ስለነበር ስንት ወር እንደደማች እንኳን አላውቅም።

"ጥርሴን ብቻ አድኝልኝ" አለችኝ። "ያለ ጥርስ በምን አፌ ሰው ፊት እቆማለሁ?"

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው እኔ አዋቂ የሆንኩት። የመኖሪያ ወረቀቷ ጊዜው አልፏል፣ የሚያድሰው ቢሮ ተዘግቷል፣ ስለዚህ ሆስፒታል መሄድ ፈራች። እኔ ደግሞ "ሐኪም ምን ያደርግልሻል? ድድ ሲላላ ተነቅሶ ነው የሚጠብቀው፤ እናታችን ስትነቅስ ስንቴ አይቻለሁ" አልኳት። "ይቅርብኝ፣ ፈራሁ" አለች። ተቆጣኋት! "ዝም ብለሽ አፍሽን ክፈቺ!" አልኩና መርፌውን በሻማ ለብልቤ፣ ሳህን ላይ ጥላሸት ሰብስቤ ወጋኋት። እንባዋ በጆሮ ግንዷ እየወረደ፣ ጉልበቴን ጨምድዳ ቻለችው። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ማለት እኔ ነኝ።

በሳምንቱ ድዷ አብጦ ጥርሱን ቀጥ አድርጎ ያዘው። "አላልኩሽም?" አልኳት፤ ደስታዬን ብታዩት! ጠበቀልን ብለን ተሳሳምን። የአፏን ሽታ የማስክ ሽታ ነው እያልን ሁለት ወር ተቀመጥን። እብጠቱ ወጥቶ አንድ ዓይኗን ሲከድነው ነው፣ ወረቀቱን ረስተን ወደ ሆስፒታል የሮጥነው።

ሐኪሙ ፊቱን በፕላስቲክ ጋርዷል። እሱ በእንግሊዝኛ፣ እሷ በአማርኛ፣ አስተርጓሚዋ እኔ። ከንፈሯን ገልጦ አየና ራሱን ነቀነቀ። ጥፋቱ የጀርሙ ብቻ አይደለም አለኝ። ሰውነቷ ጀርሙን ለመዋጋት ኢንዛይም የሚባል ነገር ያመነጫል፤ ውጊያው አላልቅ ሲል ያው ኢንዛይም ጥርስን ከአጥንት ጋር አስሮ የያዘውን ሥጋ እየቆራረጠ ያሟሟዋል፣ ቀጥሎ አጥንቱ ያልቃል። ኢንዛይምን በምን ልተርጉመው? "የገዛ ሰውነትሽ ነው የበላሽ፣ እትዬ" አልኳት።

የታመመ ድድ ይቀላል አለኝ ሐኪሙ፤ የሷ ግን በንቅሳት ስለጠቆረ መቅላቱን ማንም አላየውም። መርፌው ደግሞ ለጀርሙ አዲስ በር ከፈተለት። ጠበቀ ያልነው መግል ቋጥሮ ነው። ሳትወጋ መጥታ ቢሆን ኖሮ ገሚሱ ይተርፍ ነበር። አሁን ስድስቱም የላይ የፊት ጥርሶቿ ይነቀላሉ።

"ማን ነው የወጋት?" አለ።

ተረጎምኩላት። ቀና ብላ እንኳን ሳታየኝ "ራሴ ነኝ በይው" አለች።

"ራሷ ናት" አልኩት። አፈር ልብላ፣ አልኩት።

ሰውዬው ተናደደ። "ምን ዓይነት ድንቁርና ነው? ሰው በገዛ አፉ ላይ እንዲህ ይሠራል? ንገሪያት!" አለኝ። ነገርኳት። ድንቁርና የሚለውን ቃል እንኳን አልቀነስኩላትም። አንገቷን ደፍታ አዳመጠችኝ።

"አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ በይልኝ" አለች።

ዞር ብዬ፣ አጥፍታለች፣ ይቅርታ ትጠይቅሃለች አልኩት።