ወደ አምባሰል የተላከው አመድ

ጠዋት፣ ደሴ

ሌላው ሰው ከደሴ ወደ ሐይቅ የሚወርደው ዓሣ ሊበላ ነው። እኔ የወረድኩት የገዛ ካናቴራዬን ከመሬት ቆፍሬ ላወጣ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህቴ ባል ሰይድ ሐይቁ ዳር ሽንኩርት ያለማል። የማሳው አንድ ጥግ ግን ዘር በዘራበት ቁጥር ቢጫ ይሆንበታል። ከሳዑዲ ተመልሶ ከማሳው በላይ ጋራዥ የከፈተውን ጎረቤቱን አህመድን ሰይድ ጠርጥሮታል፤ «መርዙን በቦይ ይለቅብኛል» ባይ ነው። ዛሬ ከሰዓት በሽማግሌ ሊከሰው ነው። ምስክሩ እኔ ነኝ፤ ደሴ የአፈር ላቦራቶሪ ውስጥ አፈር ስፈጭና ስነፋ ኖሬያለሁና። እውነቱን ለመናገር እኔም አህመድን ጠርጥሬዋለሁ። የጣት ቀለበቱ ብቻ አንድ በሬ ይገዛል፤ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ንጹሕ አይሆንም።

ክረምቱ ሲወጣ አንድ የጥጥ ካናቴራ ለሁለት ቀድጄ ግማሹን በደህናው መሬት፣ ግማሹን በታመመው ጥግ ቀብሬ ነበር። አፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ነፍሳት ጥጥ የሚበሉት ኢንዛይም በሚባል ነገር ነው፤ ጥርሳቸው በሉት። እርሳስን የመሰለ ከባድ ብረት አፈሩ ውስጥ ሲበዛ ጥርሱ ይዶለዱማል፤ ጥጡም ሳይበላ ይቀራል።

ሚኒባሱ የወሎን ግማሽ ጭኖ ተነሣ። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ «ወንድሜ፣ ለምን ጉዳይ ነው?» አሉኝ።

«ሰው ማሳ ውስጥ የቀበርኩትን ጨርቅ ላወጣ ነው።»

«አዑዙ ቢላህ!» ብለው ዘንቢላቸውን በመሃላችን አቆሙ። ሐይቁ ከቁልቁለቱ በታች ብልጭ እስኪል ድረስ ዞር ብለው አላዩኝም።

ረፋድ፣ ሐይቅ

ባጃጁ ሐይቁን ከነዓሣው የሚያስገዛ ሂሳብ ጠርቶ፣ ተጨቃጭቀን አደረሰኝ። ሰይድ አካፋውን ይዞ ይጠብቀኛል።

ከደህናው መሬት የወጣው ካናቴራ ከአንገቱ ስፌት በቀር የለም፤ ተበልቷል። ከታመመው ጥግ የወጣው ግን አጥቤ ሰርግ የምሄድበት ነው!

«አየህ?» አለ ሰይድ። «ወላሂ ገደለኝ ይህ ሰው!»

«ማን ነው የገደለህ?» አህመድ ራሱ ከኋላችን ቆሟል። «የኔ ቦይ በወዲያ በኩል ወደ አስፋልቱ ነው የሚወርደው። ና እይ።»

ሄጄ አየሁ። እውነቱን ነው፤ የጋራዡ ዘይት ሽንኩርቱን አያውቀውም። ሳላምን ሁለተኛ ዞርኩት፤ ያው ነው።

«ይልቅስ» አለ አህመድ፣ «ያረጀ ባትሪ ስጠኝ እያልክ ስትወስድ የከረምከውስ፣ ሰይዶ?»

ሰይድ ዓሣም ያጠምዳል። መረቡን ወደ ታች የሚያሰምጥለትን ክብደት ከባትሪ እርሳስ እያቀለጠ ነው የሚሠራው።

«የት ነው የምታቀልጠው?» አልኩት።

«ከቤት ጀርባ፣ ምድጃው ላይ።»

«አመዱንስ?»

አካፋውን ተደግፎ ወደ ታመመው ጥግ አየ። እዚህ አገር አመድ ለሽንኩርት መድኃኒት ነው፤ ደህና ገበሬ አመዱን አይጥልም። ሰይድም ደህና ገበሬ ነው።

«ከዚያ ጥግ ነበር መበተን የጀመርኩት» አለ። ከዚያ ፊቱ ራሱ አመድ መሰለ። «ዘሀራ! አንድ ጆንያ ሙሉ ልኬላታለሁ። ለጓሮዋ።»

ልጁ ዘሀራ አምባሰል ነው የተዳረችው። ሕፃን ታጠባለች፤ ከጓሮዋ ጎመን ትበላለች፤ እርሳሱ ከጎመኑ በወተቷ አድርጎ ለሕፃኑ ይደርሳል። ብንደውል ስልኳ አይነሣም።

የማይረሳኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። ተከሳሹ የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣና «ምን ትገተራላችሁ? ግቡ!» አለን።

ቀትር፣ አምባሰል

አህመድ ውጫሌን በጥይት ፍጥነት አለፈ። ሰይድ መንገዱን ሁሉ ዱአ ያደርጋል። እኔ ደግሞ እግረ መንገዴን አህመድን እጠረጥራለሁ፤ ሰው በነጻ ይህን ያህል ቸር ይሆናል?

ዘሀራ ሕፃኗን አዝላ በሩ ላይ አገኘናት። ሰይድ ሰላምታውንም ረስቶ «አመዱን በተንሽው?» አላት።

«እሳቸውን ጠይቅ» አለች፣ አማቷን እማማ ሐዋን በአገጯ እያሳየች። ኩርፊያ ላይ ነበረች።

እማማ ሐዋ በምርኩዛቸው ከአጥሩ ውጭ አመለከቱ። ጆንያው ከነማሰሪያው ቁልቋሉ ስር ተጥሏል፤ ላዩ ላይ ድንጋይ ተጭኖበታል።

«ሕፃን ወዳለበት ቤት አመድ ይላካል እንዴ? መተት ነው አልኩ። ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር!»

«ልክ ነዎት፣ እማማ» አለ ሰይድ። «አልሐምዱሊላህ፣ ጠረጠሩኝ።»

አሮጊቷ ግራ ገባቸው። በዕድሜያቸው ተጠርጥሮ ያመሰገናቸው ሰው አላዩም። አህመድ ሳቁን መያዝ አቅቶት ወደ መኪናው ሄደ።

ማምሻ፣ ወደ ቤት

ሐይቅ ስንመለስ ሽማግሌዎቹ ዋርካው ስር ሲጠብቁን አገኘናቸው። ሰይድ በቆመበት «አህመድን ይቅርታ ልጠይቅ ነው የሰበሰብኳችሁ» አላቸው። አህመድም ካሣ ጠየቀ፤ ከደህናው መሬት የበቀለ ሽንኩርት። የታመመው ጥግ እስኪመረመር ከዚያ የበቀለ ነገር አይበላም፤ ምድጃውም ዳግም እርሳስ አይቀለጥበትም። እኔ ለላቦራቶሪው አምባሰል ከጆንያው በፌስታል የቋጠርኩትን ጥቂት አመድ ይዤ ወደ ደሴ ተሳፈርኩ።

ጥርጣሬ ጥሩ ነው፤ አንድ ሕፃን አትርፏል። እኔና ሰይድ ግን ጥርጣሬያችንን ከጎረቤት ጀመርነው፤ እማማ ሐዋ ደጃቸው ላይ ከቆመው ጆንያ ጀመሩት። ልዩነታችን ይኼው ነው።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ፌስታሉን በሩቁ አየችው። «ዓሣ ነው?»

«አመድ ነው።»

አንድ ጊዜ አመዱን፣ አንድ ጊዜ እኔን አየችና በሩ ላይ ቆመች። «ይህ ቤቴ አይገባም። ካናቴራህስ የት ሄደ?»

ፌስታሉን ከአጥሩ ውጭ አስቀምጬ ድንጋይ ጫንኩበት።