የድሬዳዋ ቧንቧና የአማቴ ነጠላ

ከሸዋ ደጋ ተድሬ ድሬዳዋ ስመጣ፣ ቧንቧ ያለበት ግቢ በመግባቴ ብቻ ትልቅ ወይዘሮ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ባሌ የባቡር ሠራተኛ ነው፤ እናቱም ከእኛ ጋር ይኖሩ ነበር። የመጀመሪያ ሥራዬ የአማቴን ነጭ ቀሚስና ነጠላ ማጠብ ሆነ። ቧንቧውን ስከፍተው ውሃው ኩልል ያለ ነው። ሳሙናውን ባሸው ባሸው ግን አረፋ የሚባል የለም። በአረፋው ፈንታ የተቆራረጠ እርጎ የመሰለ ነገር ላዩ ላይ ተንሳፈፈ። ነጠላው ሲደርቅ ዳለቻ ሆኖ እንደ ደረቅ ቆዳ ተንጓጓ።

አማቴ በሁለት ጣታቸው አንስተው አዩት።

"አንቺ ልጅ፣ ይኼ ታጥቦ ነው ወይስ ገና ሊታጠብ?"

ደግሜ አጠብኩ፤ አንድ ሙሉ ሳሙና ጨረስኩ። ጭራሽ ባሰበት። በመጨረሻ ቁርጡን ነገሩኝ፦ "የፋሲካውንም እንዲህ ካደረግሽው ልብሴን ለአጣቢ እሰጣለሁ።" ዛሬ ለሚሰማው ቀላል ነገር ይመስላል። ያኔ ግን ምራት ቤት ቁጭ ብላ የአማት ልብስ ለአጣቢ ወጣ ማለት፣ ሙያ የለሽ መሆኔን ለሠፈሩ ማወጅ ነበር። ንዴቴን ውጬ ቧንቧው ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ።

እዚያው ድሬዳዋ፣ መጋላ ሠፈር ተወልዳ ያደገች ጎረቤቴ እዚያው አገኘችኝ።

"አቦ፣ ምን ሆንሽ?"

ነገርኳት። ሳቀችና የሻይ ብራዷን አምጥታ ክዳኑን ከፈተችው። ውስጡ ዙሪያውን ነጭ ድንጋይ ለብሷል።

"ወላሂ እኔ አይደለሁም የለሰንኩት! ውሃችን ከመሬት ውስጥ ድንጋዩን አሟሙቶ ይዞት ነው የሚመጣው። ስታፈዪው ብራዱ ላይ ይጥለዋል፤ ስታጥቢበት ሳሙናውን ይበላዋል። እጅሽ ምንም አልሆነ፣ አንቺ!"

ያን ስሰማ ከላዬ ላይ ሸክም ወረደልኝ። እንግዲህ ውሃው የሚበላው ሳሙናን ከሆነ፣ ሳሙና ያልሆነ ነገር መፈለግ ነው። እኛ አገር ልብስ የሚታጠበው በእንዶድ ፍሬ ነው። እናቴም ቋጥራ ሰጥታኝ ነበር፤ እኔ ግን ባላገር እንዳልባል ከሳጥኔ ሥር ደብቄው ከርሜያለሁ። ቂልነቴ ዛሬም ያስቀኛል።

ሆሳዕና ሊገባ ሲል እንዶዱን ወቅጬ በዚያው በቧንቧ ውሃ ገንዳ ውስጥ ዘፈዘፍኩት። ገንዳው ውስጥ ገብቼ ነጠላውን በእግሬ ስረግጠው አረፋው ቁርጭምጭሚቴን አልፎ ወጣ! ጎረቤቴ እልልታዋን አቀለጠችው። አማቴ በር ላይ ቆመው አዩን።

የፋሲካ ዕለት ቤታችን በእንግዳ ሞላ። አንዲት የባቡር ሠራተኛ ሚስት የአማቴን ነጠላ ጫፍ ይዛ ዳሰሰችው።

"እሜቴ፣ በዚህ ውሃ እንዲህ ያለ ንጣት? አጣቢዎ ማናት? እስቲ ለእኔም ይላኩልኝ።"

አማቴ ነጠላቸውን ቀስ ብለው ከእጇ አስለቀቁ።

"አጣቢ የለኝም። የልጄ ሚስት ናት፤ እሷን ደግሞ ለማንም አላውስም።"

ጓዳ ገባሁና በሩን ዘግቼ ብቻዬን እስክስታ ወረድኩ።